ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ነጩ አቡጀዲ

በየወጣቶች ኅብረቱ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ኦጎልቾም ብትሆኑ፣ አሰላም ብትሆኑ፣ በቆጂም ብትሆኑ ሳትጠይቁት አልቀራችሁም። ከእናትና ከአባት ጋር ተቀምጠን ሳናፍር የምናየው፣ የሚያምን ሰው እንደ ሞኝ የማይታይበት፣ አይተን ስንነሣ ልባችን የሚበረታበት የአገራችን ፊልም መቼ ነው የሚመጣው? አንዱ «እየተሠራ ነው አሉ» ይላል። ሌላዋ አጭር ማስታወቂያውን በስልኳ ታሳያለች። ከዚያ ወራት ያልፋሉ፤ ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ወሬ ይመጣል።

ጥያቄው ከእናንተ ጋር የተወለደ እንዳይመስላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊልምን ሲፈሩት፣ ሲሸሹት፣ ኋላም ሲናፍቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታሪኩን ብታውቁት አጠባበቃችሁ ራሱ ይለወጣል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ፊልም ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተከፈቱት ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ዛሬ እንስቅበታለን። ነገር ግን አስቡት፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው ይሄዳል፣ ይስቃል፣ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ መብራት ሲበራ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሰይጣንን ቢጠራ አይፈረድበትም። በኋላም ጥርጣሬውን የሚያጠናክር ነገር መጣ፤ ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ሲኒማ የፋሺስቱ መንግሥት ልሳን ሆኖ አገለገለ። ስለዚህ ወንጌላውያን አባቶችና እናቶች በምስክርነታቸው «ጌታን ከተቀበልሁ ወዲህ ሲኒማ ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም» ሲሉ ብትሰሙ፣ ያለ ነገር አልተናገሩትም። የሚታየው አብዛኛው ፊልም ከውጭ የመጣ ነበር፤ የእነርሱን ኑሮም ሆነ እምነት የሚያውቅ አልነበረም። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» እንኳ ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነው።

አብያተ ክርስቲያናት በዚያን ጊዜ ልባቸውን የጣሉት በፊልም ላይ ሳይሆን በራዲዮ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት በአዲስ አበባ የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር፤ ወንጌልም ዜናም የጤና ትምህርትም ያስተላልፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ በአንድ ቀን የመንግሥት ድምፅ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1972 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ «ጂሰስ» የተባለ ፊልም በሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። እዚህ የወንጌል ሰው ይገደላል፣ ጸሎት ቤት ይታሸጋል፣ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፤ እዚያ ኋላ ወደ እኛ የሚመጣው ፊልም ገና መንገዱን ይጀምራል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው እጅ የለም። ቢሆንም ያንን ፊልም በኋላ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዩት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ያለፉ ነበሩና፣ ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው ለመረዳት ሁለቱን ቀኖች ማወቅ ይጠቅማል።

ፊልሙን ያዘጋጀው ጆን ሄይማን መጽሐፍ ቅዱስን መጽሐፍ በመጽሐፍ ለመቅረጽ የሚያልም ሰው ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው ከካምፐስ ክሩሴድ መሥራች ከቢል ብራይት ጋር ተገናኘ፤ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማም ተገኘ። ቀረጻው እስራኤል ውስጥ ተካሄደ። ኢየሱስን የተጫወተው ብሪያን ዲከን የተባለ እንግሊዛዊ የቴአትር ተዋናይ ነው፤ ሌሎቹ ተዋናዮች አብዛኞቹ እስራኤላውያን ናቸው። ቃሉ ከሉቃስ ወንጌል ተወሰደ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ፊልም ጥበብ ብትመዝኑት ዝግ ያለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥም ሲኒማ ቤቶቹን አናወጠ የሚባል አልነበረም። ታላቅነቱ የመጣው ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሞ መንደር ለመንደር ዞረ።

ትርጉሙ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ጽሑፉን ተርጉሞ ማንበብ ብቻ አይደለም። ተዋናዩ በእንግሊዝኛ አፉን የከፈተበትና የዘጋበት ጊዜ አለ፤ የአፋን ኦሮሞው ዐረፍተ ነገር በዚያ ልክ መጀመርና ማለቅ አለበት። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፤ እነርሱ መሐል ላይ። ስለዚህ ፊቱ የሚያዝነው ገና ቃሉ ሳይደርስ ይሆናል። ተርጓሚው ከሉቃስ ቃል ሳይወጣ፣ ከአፉም ሳይርቅ መሐሉን ይፈልጋል። ከዚያ ለጴጥሮስ አንድ ድምፅ፣ ለማርያም አንድ ድምፅ፣ ለአጋንንት እንኳ ድምፅ ያስፈልጋል። በጥንቃቄ ያልተሠራ እንደሆነ ተመልካቹ ይስቃል፤ የሳቀ ተመልካች ደግሞ መስቀሉ ላይ ሲደርስ አያለቅስም።

ኋላ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ በር ተከፈተ፤ ፊልሙም ወደ ሜዳ ወጣ። ማሳያው ሲኒማ ቤት አልነበረም። ሁለት እንጨት ይተከላል፣ ነጭ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ጄኔሬተር ራቅ ብሎ ይንደቀደቃል፣ ፊልሙ በጥቅል በጥቅል እየተቀየረ ይዞራል። አንዱ ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ ያለው ጸጥታ የስብከት ጊዜ ይሆናል፤ ወይም የሕፃናት ጩኸት። ቦታ የጠበበው ከአቡጀዲው ጀርባ ተቀምጦ ያያል። ከጀርባ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁሉንም ተገልብጦ ነው የሚያየው፤ ሉቃስ «ቀኝ» ብሎ የጻፈው ለእርሱ ግራ ነው። ማንም ግን ተነሥቶ አልሄደም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እናንተ በምትኖሩበት በዝዋይ ዱግዳ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችሁ ሙስሊሞች ናቸው። ምሽት ላይ ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ሜዳ ላይ ፊልም ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤትን አስቀድሞ ማማከር፣ ድምፁን መመጠን፣ ለማየት የመጣውን እንደ እንግዳ ማክበር እንጂ እንደ ዓሣ ማጥመጃ መረብ መወርወር አይገባም። ቡና አብረን የምንጠጣ፣ ለቅሶ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ከፊልሙ ይልቅ አብሮ መኖሩ ረጅም ነው።

ስለ አፋን ኦሮሞው ስናነሣ ወደ ኋላ ሌላ መቶ ዓመት እንሂድ። በአፋን ኦሮሞ ወንጌልን በድምፅ መስማት የተቻለው አስቀድሞ በጽሑፍ ስለነበረ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ነበረች፤ ቋንቋው ከእርሱ ይልቅ በእርሷ ልብ ውስጥ ሕያው ነበርና ቃላትን፣ ተረትንና ምሳሌን በብዙ መቶ ሰበሰበች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለ ስፍራ ታተመ፤ ፊደሉም ይህን የምታነቡበት የግእዝ ፊደል ነበር። ለእኔ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ሕይወት ከብዙ የሆሊውድ ታሪክ ይበልጣል። መርከብ አለው፣ ባሕር አለው፣ ገበያ አለው፣ ናፍቆት አለው፤ አንዲት ወጣት ሴት የእናቷን ቋንቋ ከማስታወስ ከመጥፋት የምታድንበት ጠረጴዛ አለው። የምትጠብቁት ፊልም ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ እንዲህ ካለ ቦታ ነው ሊመጣ የሚገባው።

ከአርሲ ምድር የወጣ፣ ልብን የሚያበረታ ፊልም ግን አለ፤ ብዙዎቻችሁ ግን አላያችሁትም ይሆናል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ ሲገባ፣ የእግሩ ውስጥ በጠንካራው መም ቆስሎ ነበር፤ በዚህም የተነሣ 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ። የሕይወቱ ታሪክ «ኢንዱራንስ» ማለትም «ጽናት» በሚል ርእስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በዋልት ዲዝኒ አከፋፋይነት በአሜሪካ ታየ። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው የዶክመንተሪ ሰው ሌስሊ ዉድሄድ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ቴሬንስ ማሊክ ነበር፤ ፊልም የሚያጠኑ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

ፊልሙ ግማሽ ዶክመንተሪ፣ ግማሽ ትወና ነው። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይታያል፤ ልጅነቱን የሚጫወተው የቅርብ ዘመዱ የሆነ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡም ሌሎች ገብተውበታል። እርሻው፣ ውኃ መቅዳቱ፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት መሮጡ፣ የእናቱ ሞት፣ አባት ልጁ ሩጫን ትቶ ቁም ነገር እንዲይዝ መፈለጉ፣ ሁሉም አለ። ደብተር ይዞ ከመሮጡ የተነሣ ታጥፎ የቀረውን ግራ ክንዱን ታውቁታላችሁ፤ ፊልሙ ያ ክንድ ከየት እንደመጣ ያሳያችኋል። ማንም አይሰብክበትም። ኃይሌ ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ ፊልሙም የማንም ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ለቅሶው፣ ድካሙ፣ ለሽማግሌ መታዘዙ ግን በእምነት ከሚኖር ቤት የወጣ መሆኑን ለማየት ሰባኪ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አላስገባም። ኃይሌ በኋላ ቦሌ ላይ በባለቤቱ ስም በተሰየመው ሕንፃ ውስጥ ዓለም ሲኒማን ከፈተ፤ የአርሲ ገበሬ ልጅ በፊልም ከመታየት አልፎ ሌሎችን የሚያሳይ ሆነ።

ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው የጄሪ ሮትዌል ዶክመንተሪ በቆጂን ለዓለም አሳየ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱንና የሚያሠለጥኗቸውን ታዳጊዎች ለዓመታት ተከታትሎ የተሠራ ነው። የሁሉም ልጅ ታሪክ በወርቅ ሜዳልያ አይጠናቀቅም፤ በዚህም ከብዙ የስፖርት ፊልም ይሻላል።

የሩጫና የእምነት ፊልም ሲነሣ ዓለም ሁሉ የሚጠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር»ን ነው። ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አራት ኦስካር ወስዷል። ኤሪክ ሊድል የተባለው ስኮትላንዳዊ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ቀን ስለሆነ አልሮጥም ብሎ፣ በ400 ሜትር በ47.6 ሰከንድ ወርቅ እንዳገኘ ይተርካል። የሚገርመው ታሪኩን ያገኘው የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም፤ አዘጋጁ ዴቪድ ፑትናም ታሞ ቤት በዋለበት ጊዜ የኦሊምፒክ ታሪክ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ነው።

ፊልሙን ስታዩ ግን ታሪክ አንባቢ ሁኑ። በፊልሙ ላይ ሊድል ማጣሪያው እሑድ መሆኑን የሚሰማው ወደ ፈረንሳይ መርከብ ሲሳፈር ነው፤ ጭንቅ ይሆናል፤ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ሯጭ የ400 ሜትር ቦታውን ይለቅለታል። እውነታው እንዲህ አይደለም። ሊድል ፕሮግራሙን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ ወራቱንም ለ400 ሜትር ሲዘጋጅ አሳለፈ። ለፊልም የመጀመሪያው ያምራል። ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እምነቱ የአንድ ቀን ቆራጥነት ሳይሆን የወራት ልምምድ ነበር። ከሜዳልያው በኋላ ያለው ዘመንም በፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሊድል ወደ ተወለደበት ወደ ቻይና በሚስዮናዊነት ተመለሰ፤ ጃፓኖች ባሰሩበት በዌይሽየን ካምፕ ልጆችን እያስተማረ ኖረ፤ ካምፑ ነፃ ሊወጣ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በየካቲት 1945 እ.ኤ.አ.፣ በአንጎል ዕጢ ሞተ። ያኛው ግማሽ ከኦሊምፒኩ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ግን ያለ ጭብጨባ ነው።

እንግዲህ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ፊልም ለምን እንደሚዘገይ ማወቅ ለምትጠብቁት ለእናንተ ተገቢ ነው። ከእኛው ሰው እንጀምር። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን ይዞ ወደ አከፋፋዮች ሲሄድ የሚቀበለው አጣ። ስለዚህ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበረ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ራሱ አሳየው፤ ሰውም ተሰለፈለት። «ጤዛ»ን ለመጨረስ ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ሽልማቱን ሁሉም ያወራል። ዐሥራ አራቱን ዓመት ማን ያወራል? አንድ ሰው ፊልሙን ሲጀምር የተወለደ ሕፃን ፊልሙ ሲያልቅ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ደርሷል።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አልባኒ በምትባል ከተማ ያለች ሸርዉድ የተባለች የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። የኬንድሪክ ወንድማማቾች ከምእመናኑ ጋር በ20 ሺህ ዶላር ገደማ አንድ ፊልም ሠሩ። ቀጥለው በ100 ሺህ ዶላር «ፌሲንግ ዘ ጃይንትስ»ን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ከዐሥር ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ተዋናዮቹም ሠራተኞቹም በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ነበሩ። ፊልሞቹን ስመለከት አንዳንዱ ነገር ይቀልብኛል፤ የጸለየ ሁሉ ያሸንፋል፣ መኪናም ያገኛል፣ ልጅም ይወልዳል። ቄስ ጉዲናን ያጣች ቤተ ክርስቲያን፣ ዌይሽየን ውስጥ የቀረውን ሊድልን የምታውቅ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን መጨረሻ እንደ ደንብ ልትቀበለው አይገባም። የአሠራራቸውን መንገድ ግን አከብረዋለሁ። የሰው ፈቃድ አልጠበቁም።

እዚህ አገር ፊልም ሠሪውን የሚገድለው ነገር ሌላ ነው። ሰው ተበድሮ ይሠራል፤ ፊልሙ በወጣ በሳምንቱ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ለወንጌል ነው፣ ሁሉም ይየው» የሚል ቅን የሚመስል ምክንያትም አለን። ነገር ግን የተሠራው በሰው ላብ ነው። በወሬ ስንጠብቀው የከረምነውን ፊልም ሲመጣ በነፃ ከወሰድነው፣ ያ ሰው ሁለተኛ አይሠራም፤ እኛም እንደገና «መቼ ይመጣል?» እንላለን። ለኅብረታችሁ አንድ ትኬት ገዝቶ ሃምሳ ሰው ማሳየትም ያው ነው። ፈቃድ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ማሳያ መጠነኛ ዋጋ ይቀበላሉ።

ስለ ኦጎልቾ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከአሰላ ከፍታ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ስትወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ ይመጣል፤ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዷ፣ በቱሉ ጉዶ፣ የዛይ ሰዎች የብራና መጻሕፍትን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። የከተማችሁን ስም የያዘ የስንዴ ዝርያ እንዳለም ገበሬ ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል፤ «ኦጎልቾ» ተብሎ ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ለብራናውም ለስንዴውም ሰው ደክሟል። የአካባቢያችሁ አማኞች በደርግ ዘመን ያለፉበትን ግን የጻፈላቸው ጥቂት ነው፤ የሚያስታውሱት ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ የምትጠብቁት ፊልም እስኪመጣ ድረስ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ስልካችሁም ይበቃዋል። በጉባኤያችሁ ካሉት አዛውንት መካከል አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ምረጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከጄኔሬተርና ከመኪና ድምፅ ራቅ ብላችሁ፣ ብርሃኑ ከፊታቸው እንዲሆን አድርጋችሁ፣ ስልኩን በጎኑ አስተኝታችሁ ያዙ። በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። «በዚያ ዘመን የት ትሰበሰቡ ነበር? በሩን ማን ይጠብቅ ነበር? መጽሐፍ ቅዱሱን የት ትደብቁት ነበር? ነጩን አቡጀዲ መጀመሪያ ያያችሁት ቀን ማን አጠገባችሁ ተቀምጦ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲያለቅሱ አታቋርጧቸው፤ ሲስቁም አታቋርጧቸው። ያልወደዱትን ክፍል እንድታጠፉላቸው ከጠየቁ አጥፉላቸው። ቀረጻውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጸሐፊ ዘንድ። በፋይሉም ላይ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌና የቀረጻችሁበትን ቀን ጻፉበት።